«ደህና» የሚለው አፕ
አክስቴ እትዬ አስካለ ለንደን ውስጥ ኤድመንተን ሰፈር ብቻቸውን ስለሚኖሩ ቀላል አፕ ሠራሁላቸው። ጠዋት ጠዋት ስልካቸው «እንዴት አደሩ?» ይላቸዋል፤ «ደህና» የሚለውን ሲነኩ እዚያው ከተማ ኪልበርን ላለሁት ለእኔ መልእክት ይደርሰኛል። አንድ ማክሰኞ እንደወትሮው «ደህና» አሉ። ከሰዓት በኋላ ልጠይቃቸው ብሄድ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። ከንጋት ጀምሮ መነሣት አልቻሉም። አምቡላንስ ጠርቼ፣ «ታዲያ ለምን ደህና ነኝ አሉኝ?» አልኳቸው።

«ደውዬ ሥራ ላስፈታህ አልፈለግሁም። ስልኩ ሲጠይቀኝ ደግሞ ምን ልመልስ ልጄ? ከ‹ደህና› ሌላ የሚነካ የለውም እኮ።»

ስልኩን ከእጃቸው ወስጄ አየሁት። እንዳያደናግራቸው ብዬ አንድ መልስ ብቻ ነበር ያስቀመጥኩት። የተሰበረው ዳሌያቸው ኋላ ድኖ በምርኩዝ መሄድ ጀምረዋል። ያን ቀን ግን አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።