«ተሽሎኛል» ያመጣው መዘዝ

ዝናብ የማያገናኘው ሰው የለም። የደም ግፊት መድኃኒቴን ከጤና ጣቢያ ተቀብዬ ስመለስ ዶፉ ወረደብኝና ወደ ሶሎ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር በአንድ የተዘጋ የብስክሌት መጠገኛ ጣራ ሥር ተጠለልኩ። እዚያው ጥግ ላይ ዋርቲኒ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ዋርቲኒ የጎረቤቴ የእማማ ካርሲና ምራት ናት። ባሏ ካሊማንታን ደሴት ዘንባባ እርሻ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል፤ በዓመት አንዴ ለኢድ ይመጣል፣ አለዚያ በየዓርቡ በስልክ ድምፁን ያሰማል። ልጅ አልወለዱም።

«ደኅና ነሽ ወይ?» አልኳት።

«ደኅና ነኝ ጋሼ፣ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። እንባዋ ግን በጉንጯ ይወርድ ነበር።

እኛ የጃቫ ደሴት ሰዎች እንዲህ ነን። ቤቱ እየተቃጠለ እንደምን ነህ ቢሉት «ደኅና፣ ትንሽ ሞቀኝ እንጂ» የሚል ሕዝብ ነን። ለታላቅ ሰው ብሶት መናገር ነውር ነው ተብለን አድገናል፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለተማሪዎቼ ይህንኑ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ጨዋነት ነው፣ አልክድም። ግን ጨዋነትም ከልክ ሲያልፍ ሰው ይገድላል።

ዝናቡ አላባራ ሲል ዋርቲኒ ቀስ በቀስ አወጋችኝ። ሕመሙ ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል። ከማጅራቷ ተነሥቶ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ ጉልበቷን ያዳርሳል። ተኝታ ስትነሣ ሌሊቱን ሙሉ ሩዝ ስትወቅጥ ያደረች ይመስላታል። አንሶላ እንኳ ይከብዳታል፤ ወሬ ጀምራ ቃሉ ከመሐል ይጠፋባታል። ያልሄደችበት ሐኪም የለም። ራጅ ተነሣች፣ ደሟ ተመረመረ፣ ሁሉም ንጹሕ ነው ተባለ። የታዘዘላትን ውጣ ስትመለስ ሐኪሙ «ተሻለሽ?» ይላታል፤ እሷም «ተሽሎኛል፣ አላህ ይስጥልኝ» ትለዋለች። የተማረ ሰው ፊት ቆሞ መድኃኒትህ አልሠራም ማለት እንዴት ይቻላል? ሐኪሙ ደስ ብሎት ያሰናብታታል፣ እሷም ሕመሟን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

የመንደሩ ነገር ደግሞ ከሕመሙ ይብሳል። እኛ ዘንድ ድግስ ያለበት ቤት ሴቱ ሁሉ ቢላዋውን ይዞ ቀደም ብሎ ይሄዳል። ሽንኩርት ይልጣል፣ ኮኮናት ይፈቀፍቃል፣ እየተሳሳቀ ያመሻል። የቀረች ሴት አትረሳም። ዋርቲኒ እንደ ምንም ብላ ሄደች፣ ክንዷ እምቢ አላት፤ ሌላም ጊዜ ሞከረች፣ በማግሥቱ ከአልጋዋ መውረድ አቃታት። ከዚያ ወዲያ ቀረች። ሴቶቹም «ፊቷ ቀላ፣ ወዟ ሙሉ፤ የሚያማት ሥራ ሲባል ነው» ይሉ ጀመር። ድግሱ ሲያልቅ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ለየቤቱ የሚታደለው ሩዝና ዶሮም የእሷን በር መዝለል ያዘ።

«ዳናቸውን እሰማለሁ ጋሼ» አለችኝ። «ከኔ በር ሲደርሱ ፈጠን ይላሉ።»

እኔም ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው። ቢሆንም የኔ በር ይንኳኳል።

ያን ቀን ያስለቀሳት ግን ኀዘን ብቻ አልነበረም። ወደ ጤና ጣቢያው አዲስ ከመጣችው ከዶክተር ራትሪ ዘንድ መውጣቷ ነበር። ዶክተሯ ትከሻዋን በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርጋት ዋርቲኒ እንደ ልማዷ «ምንም አይልም» አለች። ዶክተሯ እጇን አንሥታ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠችና «አፍሽ ምንም አይልም ይላል፣ ዓይንሽ ያለቅሳል። የትኛውን ላክም?» ብላ ጠየቀቻት። አልተሻለኝም ብትላት እንደማትቀየም፣ እንዲያውም ሥራዋ ያን መስማት እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ ዝም ብላ አደመጠቻት። በሽታው ፋይብሮማያልጂያ እንደሚባል፣ በራጅም በደምም እንደማይታይ፣ ግን ልብ ወለድ እንዳልሆነ አስረዳቻት።

«ስም አለው ጋሼ» አለች ዋርቲኒ። «እኔ የፈጠርኩት አይደለም።»

ለአማትሽ ንገሪያቸዋ ብላት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። እማማ ካርሲና ምራታቸው ሰነፍ መሆኗን የፊታችን ዓርብ ለልጃቸው ነግረው ወደ ወላጆቿ መንደር ሊያስሰድዷት ቆርጠዋል። አማት ከፈረደ በኋላ አፍ አውጥቶ መከራከር በእኛ አገር የለም።

ጊዜው ግን ረዳት። በየወሩ የመንደሩ ሽማግሎችና አሮጊቶች የደም ግፊታቸውን የሚለኩት በእኔ በረንዳ ላይ ነው፤ የዚያን ወር ተራ ሐሙስ ደረሰና ልትለካቸው የመጣችው ራሷ ዶክተር ራትሪ ሆነች። እማማ ካርሲና የድግስ ቤት አዛዥ ናቸው፤ ድስት ሲፈላ እንኳ እሳቸውን አስፈቅዶ ነው ይባላል። ዋርቲኒ ደግፋ አመጣቻቸው። ሌሎቹ ተለክተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሲሄዱ እማማ ካርሲና ክንዳቸውን እያሻሹ ነገር ጀመሩ፤ የበሽታው ስም ወሬ ከጤና ጣቢያ ጆሯቸው ደርሷል።

«እርስዎ ነዎት አሉ ለስንፍና ስም ያወጡለት።»

ዶክተሯ ሣቅ አለች። «ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም እማማ፤ ከኔ በፊት ነበረ። ስንፍናም አይደለም።»

«ራጁ ምን አለ? ንጹሕ። ደሟስ? ንጹሕ። ቁስል የለ፣ እብጠት የለ። እንግዲህ የሚያማት የቱ ጋ ነው?»

«የመንደሩ ዘብ ሌባ ሲያይ የእንጨት ደወሉን ይመታል አይደል?» አለች ዶክተሯ። «ዘቡ ድመት ባለፈ ቁጥር ቢመታውስ? ወጥተው ቢፈልጉ ሌባ አያገኙም። ሕዝቡ እንቅልፍ ማጣቱ ግን እውነት ነው። የዋርቲኒ ሰውነት እንዲህ ሆኗል፤ ለትንሹም ለትልቁም ደወል ይመታል።»

«ታዲያ ዘቡን መግረፍ ነዋ» አሉ እማማ ካርሲና።

«ቢገረፍ ይብስበታል። ቀስ ብሎ ማባበል ነው የሚበጀው፤ በልክ መራመድ፣ እንቅልፍ፣ ትንሽ መድኃኒት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያምናት ሰው። ጨርሶ ይድናል ብዬ አልዋሽዎትም።»

አሮጊቷ ተቆጡ። በእኛ ቤት ንፋስ የገባበት ሰው ጀርባው በዘይት ታሽቶ በሳንቲም ይፋቃል፤ ቆዳው በቀላ መጠን ብዙ ንፋስ ወጣ ይባላል። እማማ ካርሲናም ይህችን ምራታቸውን ማታ ማታ በገዛ እጃቸው ሲፍቋት ኖረዋል። ንግግራቸው ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የወረደው እዚህ ላይ ነው።

«ስሚ ልጄ፤ ባሌንም ልጆቼንም የፋቅኩ ሴት ነኝ። እሷንም አልተጸየፍኳት፣ ጀርባዋ በርበሬ እስኪመስል እፍቃታለሁ። አመመሽ ወይ እላታለሁ፤ የለም እማማ። ተሻለሽ? ተሽሎኛል፣ አላህ ይስጥልኝ። ሲነጋ ድግስ ቤት ነይ ስትባል የለችም። በሽታው ወጥቶ ሰውየው ካልተነሣ ስሙ ምንድን ነው? የተማርሽው አንቺ ንገሪኛ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ በአሮጊቷ ስሌት ላይ ስሕተት አላገኘሁም። የተሰጣቸው ቁጥር ብቻ ሐሰት ነበር። ዶክተሯም ተማሪ ሳለች ብርድ ሲመታት እናቷ ትፍቃት እንደነበር፣ ልማዱን እንደማትንቅ፣ ለዚህች ሴት ግን መፋቅ ያንኑ ደወል መምታት እንደሆነ አስረዳች። እማማ ካርሲና አልሰሟትም። ምራታቸውን ነበር የሚያዩት።

«እስቲ አንቺ ተናገሪ» አሏት። «ስፍቅሽ ያምሻል?»

ዋርቲኒ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ መለሰች።

«ያመኛል፣ እማማ።»

«መቼ መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዘመን ምን ዘጋሽ? እኔ አውሬ ነኝ?»

«ፈርቼ ነው» አለች ዋርቲኒ። «ያመኛል ብልዎት ይተዉኛል። ከእርስዎ እጅ ሌላ የሚነካኝ ሰው የለም፣ እማማ።»

እማማ ካርሲና ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ፈልገው ሊነሡ ብለው መልሰው ተቀመጡ።

«ስወድሽ ስወድሽ ሳሠቃይሽ ኖርኩ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያ ደግሞ ሰነፍ አልኩሽ።»

በማግሥቱ ስልኩ ሲደወል እኔም በአጥሩ በኩል ሰማሁ። «ሚስትህ ታማለች። የምትፈልገውን ሠርታ፣ ያቃታትን ትታ እኔው ጋ ትኖራለች። ስትመጣ አንተም ቀስ ብለህ ጠይቃት፤ ደኅና ነኝ ካለችህ ደግመህ ጠይቃት» አሉት ልጃቸውን።

አንባቢ ሆይ፣ በሽታው ለቀቃት ብዬ አልጽፍም። ዛሬም ሳትነሣ የምትውልበት ቀን አለ፣ ያን ቀን ጓደኛዋ ግድግዳው ነው። ዳሩ ግን ዶክተር ራትሪ ዘንድ ስትሄድ እውነቱን ስለምትናገር የማይስማማት መድኃኒት ተለውጦላታል፤ እንቅልፍም ትንሽ በትንሽ ይወስዳት ጀምሯል። ድግስ ቤት እማማ ካርሲና ወንበር አስቀምጠውላት ለሩዙ መጠቅለያ የሙዝ ቅጠል ታጥፋለች፤ ሲደክማት ትነሣለች፣ አሮጊቷ ባሉበት ክፉ የሚተነፍስ የለም። ሐኪምን ማክበር ያመመውን መንገር ነው፤ ታማሚን መውደድም የሚለውን ማመን ነው። ይህን ለመማር እኛ ብዙ ዘገየን።

እማማ ካርሲና ማታ ማታ ወደ ምራታቸው መሄዳቸውን አልተዉም። ባዶ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ያኖሩና «እዚህ ያምሻል?» ይላሉ። ያመኛል ስትል ያነሡታል። ወደ ክንዷ፣ ወደ ጉልበቷ ያደርጉታል፤ ያመኛል ስትል ደግመው ያነሡታል። «እዚህ አያመኝም» ያለችበት ቦታ ሲደርሱ እጃቸውን እዚያ አስቀምጠው ይቆያሉ።