ቦራ ገበየሁ ስለተባለው ተፈላጊ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ እመቤት ገበየሁ
ዕድሜ፦ 47
አድራሻ፦ እንጅባራ ከተማ
ሥራ፦ የቢሮ ጸሐፊ
የትምህርት ደረጃ፦ ስምንተኛ ክፍል፤ የኮምፒውተር ሥራ በራሷ የተማረች
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ዋጋዬ ውብአየሁ

ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር፣ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ በዚህ ጣቢያ የሚገኘውን ፀጋው አድማሴን በሥራ ባልደረባነት አውቀዋለሁ። ነገ እሑድ ዳንግላ ላይ ሠርጉ ነው። የተያዘውም ቦራ ገበየሁ ለሚባል የማይታወቅ ሰው የድርጅታችንን ሰነዶች ከፍቶ ሰጥቷል ተብሎ መሆኑን ተነግሮኛል። ቦራን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቦራ ሰው አይደለም።

ድርጅታችን የድንች ዘር ሻጭና ገዥ የሚያገናኝ የስልክ አፕ የሚሠራ ሲሆን ያለነው አራት ነን። ባለቤቱ አቶ ኪዳኑ፣ ኮዱን የሚጽፈው ፀጋው፣ ዳንግላ ሆና ለገበሬዎች የአጠቃቀም መመሪያ የምትጽፈው ሜላትና እኔ። ፀጋው ኮዱን የሚያስቀምጠው አንድ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ መመሪያውና ዕቅዱ ያለው ሌላ ድረ ገጽ ላይ ነው። ሁለቱ ድረ ገጾች አይተዋወቁም ነበር። ፀጋው አንድ ነገር ይቀይርና ለሜላት መንገር ይረሳል። ሜላትም የጠፋውን ቁልፍ ተጫኑ ብላ ትጽፋለች። ቁልፉን ያጡት ገበሬዎች ለእኔ ይደውላሉ። ባለፈው ክረምት ሁለቱ በዚህ ተኳርፈው፣ አንዱ ለሌላው የሚለውን የማመላልሰው እኔ ነበርሁ።

መስከረም ላይ በስልኬ ቪዲዮ ሳይ፣ ኮድ ሳይጻፍ ሳጥን ከሳጥን በመስመር እያያያዙ ሁለት ድረ ገጾችን ማገናኘት እንደሚቻል ተረዳሁ። ከዚህም ከዚያም እየለቃቀምሁ ሞከርሁት። የመጀመሪያው ሳጥን ፀጋው ኮዱን እስኪቀይር ይጠብቃል። ሁለተኛው ፀጋው ስለ ለውጡ የጻፈውን ማስታወሻ ያነሳል። ሦስተኛው ሰነዳችን ውስጥ አዲስ ገጽ ከፍቶ ማስታወሻውን ያሰፍራል። መጀመሪያ አልሠራ ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ፀጋው በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ፈቃዱን ሰጠልኝ። ገጹ ማንም ሳይነካው ሲጻፍ ባየን ጊዜ ፀጋው ተነስቶ እስክስታ መታ። ከዚያ ወዲህ ሜላት ሳታኮርፍ መመሪያዋን ታስተካክላለች። ኩርፊያው ሲቀር ሌላው ነገር መጣ፤ ነገ የሚጋቡት እነሱ ናቸው።

የሰነዱ ድረ ገጽ ገጹን የሚጽፈው አካል እንደ አባል እንዲመዘገብ ስም፣ የአባት ስምና አድራሻ ጠየቀኝ። ያዘዙትን ተሸክሞ ሳያጉረመርም የሚመላለስ ማን አለ ብዬ ሳስብ የመጣልኝ የአባቴ የአቶ ገበየሁ በሬ ነው። ግንባሩ ነጭ ስለሆነ ቦራ ይባላል። በእኛ ዘንድ በሬ ስሙ ተጠርቶ ይመሰገናል፤ የማን ነው ሲባልም ጌታው ይጠራል። ስለዚህ ስሙን ቦራ፣ የአባት ስም ገበየሁ፣ አድራሻውን የአባቴን ቀበሌ ግምጃ ቤት ብዬ ሞላሁ።

አቶ ኪዳኑ ባሕር ዳር ከርመው ሐሙስ ሲመለሱ ሰነዱን ከፍተው፣ ከሁላችን የበለጠ የጻፈ ግን ዓይተውት የማያውቁት አባል አገኙ። እኔ ለአባቴ ውቂያ ፈቃድ ወስጄ ግምጃ ቤት ነበርሁ፤ ስልኬም ባትሪ ጨርሶ ነበር። ፀጋውን ሲጠይቁት በሬ ነው ብሎ መለሰላቸው። የቀለደባቸው መስሏቸው ለፖሊስ አመለከቱ። ፀጋው እዚህም መጥቶ ያንኑ በሬ ነው የሚለውን ስለደገመ እንዲቆይ ተደረገ። ሜላት ደውላ ብታስረዳም እጮኛው ነሽ ተብላ አልታመነችም።

ዛሬ ጠዋት የአባቴ አውድማ ላይ ስናበራይ የቀበሌው ፖሊስ ይኸነው መጣ። ቦራ ገበየሁ የሚባል እዚህ ቤት አለ ወይ ብሎ አባቴን ጠየቀ።

አባቴም «አለ። ምን አጠፋ?» አሉት።

«እንጅባራ ለጥያቄ ይፈለጋል፣ አያ ገበየሁ።»

«እህሉን ይጨርስና ውሰደው። ከኋላው አትቁም እንጂ ጠበኛ አይደለም» ብለው ወደ በሬው በመንሻቸው አመለከቱ።

አውድማው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤቶቻችን ቦራን በአዊኛ ስንቅህን ያዝ ይሉት ጀመር። ይኸነውም ጭዱ ላይ ተቀምጦ አብሮ ሳቀ። ከዚያ በቦራ ምክንያት አንድ ሙሽራ መታሰሩን ሲነግረን እኔ ሳቄ ቆመ። አቧራዬን ሳላራግፍ መኪና ይዤ መጣሁ።

መርማሪው በሬ እንዴት አድርጎ ይጽፋል ብለው ጠየቁኝ። ብዙ መናገር ስለማልችል በዓይን ይታይ አልሁ። አቶ ኪዳኑ ተጠርተው መጡ። ለፀጋው ላፕቶፕ ተሰጠው። በፊታችን የአንድ ቁልፍ ቀለም ቀይሮ ማስታወሻውን ጻፈ። የአቶ ኪዳኑ ስልክ ሰነዱ ተከፍቶበት በመርማሪው እጅ ነበር። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ምንም ሳይመጣ ቆየ። መርማሪው እኔን አዩኝ፤ ፀጋው መሬት መሬት ያይ ነበር። በመጨረሻ ገጹ መጣ። መርማሪው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ ሲሉ አነበቡት፦ «ፀጋው አድማሴ የምዝገባውን ቁልፍ አረንጓዴ አድርጓል። ማስታወሻ፦ ነገ ሠርጌ ነው። ጸሐፊ፦ ቦራ ገበየሁ።»

አቶ ኪዳኑ ፀጋውን አቅፈው ይቅርታ ጠየቁት። ሐሙስ ዕለት ያስደነገጠኝ ከሁላችን በላይ የሚጽፍ አባል ሳላውቀው መቅረቴ ነው አሉ። ወዲያው ከዚያው ገጽ ሥር ከዳንግላ ሜላት የጻፈችው መጣ። መርማሪው በቃሌ ውስጥ ይግባ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ይግባ አልሁ። «ቦራ፣ ሙሽራውን ይዘኸው ና» ይላል።

የማውቀው ይህ ነው። ማንም ሳያስገድደኝ ተናግሬያለሁ፤ ሲነበብልኝም ካልሁት የጎደለ ወይም የተጨመረ አላገኘሁበትም። ቦራ ራሱ ቢፈለግ ግምጃ ቤት አባቴ አውድማ ላይ ይገኛል።

የምስክር ፊርማ፦ እመቤት ገበየሁ

የመርማሪ ማስታወሻ፦ አመልካች አቶ ኪዳኑ አቤቱታቸውን በጽሑፍ አንስተዋል። ፀጋው አድማሴን በር ላይ ሲጠብቁ ለነበሩት ሚዜዎቹ በሙሉ ጤንነት አስረክቤያለሁ።

ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን ዋጋዬ ውብአየሁ