ሁሉም አውጪ ከሆነ ማን ይቀበል?

ለሻደይ፣ ለነሐሴው የሴቶች ጨዋታ፣ እምየ ጥሩ ዘፈኑን ሲያወጡ ማን ይቀበላቸዋል? ልጄን ሳጠባም፣ ሊጥ ሳቦካም ይኼንኑ አስባለሁ፤ መልስ ግን አላገኘሁም። የተማርኩት ትንሽ ነው፤ ጽሑፌ ቢያነክስ እለፉኝ።

እምየ ጥሩ የባለቤቴ አክስት ናቸው፣ አብረውን ነው የሚኖሩ። ባለቤቴ እዚህ ሰቆጣ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁንና ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ እዚያ የተወራው ሁሉ እኛ ጋ ይሰማል። ባለፈው የገበያ ቀን ወጣቶቹ እዚያ ተሰብስበው ዘፋኝ ሲያማርጡ ዋሉ። ለሻደይ መድረክ የሚወጣ ባንድ ሊያቋቁሙ ነው አሉ።

«ማሲንቆ የዝቋላው ሰውዬ!»

«ኧረ ተወኝ! የሱ ማሲንቆ እንደ አሮጌ በር ነው ሲጢጥ የሚል።»

«እሺ ዋሽንት የደሃናው። ዘፋኝስ?»

«የጋዝጊብላዋ!»

«የኒሯቋ ትበልጣታለች።»

«ሁለቱንም እናምጣ፣ የሰቆጣዋንም ጨምር!»

እምየ ጥሩ ልጄን ታቅፈው ይሰሙ ነበር። ድንገት ልጄን ሰጡኝና ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ሱቁ ገቡ። እኔም ልጄን አዝዬ ተከተልኩ፣ በሩ ላይ ቆምኩ። ኋላ «ጻፊው፤ እነሱ ሳቁብኝ፣ ወረቀት አይስቅም» ስላሉኝ የተናገሩትን እንዳሉት አስፍሬዋለሁ።

«በኛ ጊዜ እኮ፣ አንተ ቶንዶሱን አጥፋና ስማኝ፣ በኛ ጊዜም እንዲሁ እንከራከር ነበር። ወንዝ ወርደን ልብስ እያጠብን እንከራከራለን። አንዷ ‹የኛ ሰፈር አውጪ ድምጿ ተራራ ያሻግራል› ትላለች፣ አንዷ ‹ሂጂ ወዲያ፣ የናንተዋ እንደ ፍየል ነው የምትጮህ› ትላለች፣ ታዲያ በርጥብ ልብስ እስከ መደባደብ እንደርስ ነበር። እና አንድ ዓመት ልክ እንደናንተ ያሉ ጅሎች ተነሡና ምን አሉ፣ ‹ከየሰፈሩ ስሟ የገነነውን አውጪ ብቻ ለቅመን አንድ ላይ እናጫውት› አሉ። አውጪ ብቻ! ታዲያ እኛ ተቀባዮቹስ? ‹እናንተማ ቆማችሁ እዩ።› እሺ፣ ቆመን አየን።»

«ከዚያስ እምየ?» አለ አንዱ፣ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቶ።

«ከዚያማ አገር ወጣ! ለምለሙን የሻደይ ሣር ወገቧ ላይ አስራ፣ ተኳኩላ፣ አውጪዋ ሁሉ ሙሽራ መስላ መጣች። ከበሮው ተመታ። የመጀመሪያይቱ አወጣች፤ ዝም። ማን ይቀበላት? እያንዳንዷ ‹ተራዬ መቼ ነው› እያለች ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። እና ሁለተኛይቱ አወጣች፤ ዝም። ኋላ ሦስቱ ባንድ ላይ አወጡ፣ ያም ዘፈን ያም ዘፈን፣ ጅብ የገባበት በረት ይመስል። ከበሮ መቺዋ እጇን እንዳነሳች ቀረች። ሰው ሳቀ። የአገር ሽማግሌ ሳይቀር ሳቀ! እኔ ታዲያ ከሰው መሀል ነኝ፣ ሻደዬን እንደታጠቅሁ፣ አንጀቴ እርር ብሎ። አንዷ ‹ከማዶ ሆኜ ብጣራ ማን ይሰማኛል› ብላ ስታወጣ አላስቻለኝም፣ ካለሁበት ‹አለሁ እህቴ፣ አለሁ› ብዬ ተቀበልኳት። እና ጓደኞቼም ከያሉበት ‹አለሁ› አሉ። ከበሮው ነፍስ ዘራ፣ ጨዋታው ጨዋታ ሆነ። ታዲያ በመጨረሻው ማንን አመሰገኑ?»

«እርስዎን ነዋ!»

«የምን እኔን! አውጪዋን! ‹ድምጿ ከኀፍረት አዳነን› አሉ። የኔን ስም የጠየቀ የለም። ይኸው እስከ ዛሬ የለም! እናንተም ከዝቋላ እስከ ኒሯቅ ስም ስትጠሩ ዋላችሁ፤ ተቀባይ ብሎ ያነሳ አለ? አለ ወይ? ንገሩኛ!»

ከወጣቶቹ መሀል ኦርጋን የሚጫወተው ልጅ ሳቀ። «እምየ ጥሩ፣ እሱ አያሳስብዎ። ተቀባይ አሁን በኮምፒውተር ነው። የአንዷን ድምፅ እናባዛዋለን።»

«የማንን?»

«የራሷኑ፣ የአውጪዋን።»

«ራሷ ጠርታ ራሷ አቤት ልትል? በኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ጠበል ነው የሚወሰድ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እምየ ጥሩ ግን አልሳቁም። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ እየደቁ በኽምጣኛ ተራገሙ፤ ያንን አልጽፈውም። «ትስቃላችሁ? ትስቃላችሁ አይደል?» አሉና መስታወቱ ፊት ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አወጡ። «ከማዶ ሆኜ ብጣራ ማን ይሰማኛል…» ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ለልጆቹ የተሰበረ ነው፤ እኔ ግን ገና ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የለመድኩት ነው። በሻደይ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እናቶች ለብቻቸው ክብ ሲሠሩ እሳቸው ያወጣሉ፣ እኛ እንቀበላለን። ግማሾቹ ሞቱ፣ ግማሾቹ ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ፤ ዘፈናቸውን ሁሉ የማውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። ታዲያ ሳላስበው፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ እንደተኛች፣ «አለሁ እህቴ፣ አለሁ» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ከዚያ ባለ ኦርጋኑ ብድግ አለ። «አገኘን! አውጪያችን እሷ ናት! የጋዝጊብላዋም ትቅር፣ የኒሯቋም ትቅር!»

ባለቤቴም ደስ ብሎት፣ «ባንዱ ውስጥ ትገባለች፣ ምን ችግር አለ» አለ።

«አትገባም!» አሉ እምየ ጥሩ። «አሁንም አውጪ! እሷ ተቀባዬ ናት፤ እሷን ወስዳችሁ እኔ ለግድግዳ ልዝፈን?»

«አክስቴ፣ ትገባለች አልኩ።»

«አትገባም አልኩ!»

እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ልጄ በጩኸቱ ነቅታ አለቀሰች። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

መድረኩና የቤተ ክርስቲያኑ ክብ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ነው። ባለቤቴ «ሁለቱንም ታደርሻለሽ» ይላል፣ ለሱ እግሬ አራት ነው። ኋላ ይኼን ስጽፍላቸው እምየ ጥሩን፣ «ስሜን የጠየቀ የለም ብለው ተቆጡ፤ እኔንስ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ማን ጠየቀኝ? እርስዎስ ጠየቁኝ?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ እሳቸው ላይ ጮኬ አላውቅም። «አንቺ ጻፊ ብቻ» አሉኝ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ልጄ አዞሩ።

እውነቱን ልናገር፣ እፈልጋለሁ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ብቻዬን አወጣለሁ፤ ገደሉ ይቀበለኛል። ነገር ግን እኔ መድረኩ ላይ ስወጣ እምየ ጥሩ ግቢው መሀል ቆመው ይጣራሉ፣ ዝም ይባላሉ፤ እንደዚያን ጊዜዋ አውጪ ሰው ይስቅባቸዋል። ብቀር ደግሞ ሳረጅ እንደሳቸው አንጀቴ ማረሩ ነው፤ እኔም አንድ ቀን ምርኩዝ ይዤ የሰው ሱቅ ገብቼ እጮኻለሁ።

ባለቤቴ ትገባለች አለ፣ እምየ ጥሩ አትገባም አሉ። እናንተ የምታነቡኝ፣ ይልቁንም በባል ቤት የኖራችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ሻደይ እየደረሰ ነው። ላውጣ ወይስ ልቀበል?