ከጉልበት በታች የታሰረው ላስቲክ

ባልቴቷ ልብስ ሰፊ የሕንፃው ደረጃ መሐል ላይ ቁጭ ብለው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው እግራቸውን ሲያሹ፣ ነርሷ ከላይ ስትወርድ ድንገት ደረሰችባቸው። ቀሚሳቸውን ቶሎ ለቀቁት፤ ግን የሚታየው ታይቷል። ከሁለቱም ጉልበታቸው በታች ለቀሚስ ወገብ የሚገባው ሰፊ ላስቲክ ድርብ ሆኖ ተጠምጥሟል፤ ከእሱ በታች ያለው እግር አብጦ ቁርጭምጭሚቱ የት እንደገባ አይታወቅም።

ይህች ነርስ የጎረቤት ልጅ ናት። እናቷ ሥራ ስትውል በባልቴቷ የስፌት መኪና ሥር ቁራጭ ጨርቅ እየለቀመች ያደገች፣ የመጀመሪያ ዩኒፎርሟንም እሳቸው የሰፉላት። ስለዚህ «ምን ሆነው ነው እማማ?» ስትላቸው «ምንም» ብለው ሊሸኟት አልሆነላቸውም። ክንዷን ይዘው ወደ ክፍላቸው አስገቧት፤ በሩንም ዘጉ። መጀመሪያ ያሏት ስለ እግራቸው አልነበረም፤ ለወንዱ ልጄ እንዳትነግሪ ነው ያሏት።

ጭንቀታቸው ወዲህ ነው። ሴት ልጃቸው በሩቅ ከተማ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሷል። የአውቶቡስ ቲኬት ተቆርጧል፤ መንገዱ ሁለት ቀን ተቀምጦ መዋል ነው። ወንዱ ልጃቸው እግራቸውን ካየ «እማዬ፣ የትም አትሄጂም» እንደሚል ያውቃሉ። ልጃቸው እናቷ በሌለችበት ስታምጥ ሲታያቸው፣ እንኳን እግራቸው አንገታቸውም ቢያብጥ ግድ አልነበራቸውም። እናት እንዲህ ናት፤ ለልጇ ከምትጨነቀው ሩቡን ለራሷ ብትጨነቅ ኖሮ የሐኪም ቤት አልጋ ግማሹ ባዶ በሆነ።

ነርሷ ላስቲኩን ማን እንዳዘዘላቸው ጠየቀች። ማንም። የራሳቸው ብልሃት ነው። ደም ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሽ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሰው ሲያረጅ ደሙ ይከብድና እግሩ ላይ ይጠራቀማል። መውረጃውን ካሰሩት ላይ ይቀራል።

«ውሃ ሽቅብ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት፣ እንደ ረታ ጠበቃ መነጽራቸውን አውልቀው።

«እዚህ ፎቅ ድረስ በቧንቧ ይመጣልዎ የለ? የሚገፋ ካለ ይወጣል።»

«እሱም ሲፈልግ ነው የሚመጣው።»

ልጅቱ ሳቀችና ጭብጧን አሳየቻቸው። ልብ ይህን ያህላል፤ ደረት መሐል ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ የተቀመጠ ጡንቻ ነው። ውስጡ አራት ክፍል ነው፤ ሁለቱ ላይ፣ ሁለቱ ታች፤ ቀኙን ከግራው ድፍን ግድግዳ ይለየዋል።

«እኔ በአንድ ክፍል ዕድሜዬን ስገፋ፣ ልቤ አራት ክፍል ይዞ ነው የሚኖረው?»

ይዞ ብቻ አይደለም፣ በርም አለው አለቻቸው። በሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ናቸው። ሰውነትን ዞሮ የመጣው ደም ወደ ቀኙ የላይ ክፍል ይገባል፤ ወደ ታችኛው ያልፋል፤ ከዚያ ወደ ሳንባ ይገፋል። በሳንባ ንጹሕ አየር ተቀብሎ በግራ በኩል ይመለሳል። የግራው የታች ክፍል፣ ግድግዳው ከሁሉ የወፈረው፣ ጨምቆ ለመላ ሰውነት ይረጨዋል። ዱብ ዱብ የሚለውም የበሮቹ መዘጋት ነው። ባልቴቷ ይህን ጊዜ ሳይታወቃቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ያዳምጡ ነበር። አምነው አይደለም፤ በሩ ደህና ይዘጋ እንደሆነ ሥጋት ገብቷቸው ነው።

ቢሆንም እጅ አልሰጡም። ልብ ይህን ያህል ጉልበተኛ ከሆነ ለምን ደሙን እግሬ ላይ ጥሎት ይቀራል ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው የዋዛ አልነበረም፤ ነርሷም አክብራ መለሰች። ከልብ የሚወጣው መንገድ ደም ቅዳ ይባላል፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል፣ ግፊቱም ብርቱ ነው። ደሙ ከፀጉር በቀጠኑ ሥሮች አልፎ ምግቡንና አየሩን ለሥጋ ካደለ በኋላ ግን ግፊቱ ይደክማል። ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስም ስስ ነው። ስለዚህ ከእግር ሽቅብ ለመውጣት ረዳት ይሻል። ረዳቱ የባት ጡንቻ ነው፤ በተራመድን ቁጥር ደሙን ጨምቆ ወደ ላይ ያሳልፈዋል፤ ተመልሶ እንዳይወርድ ደግሞ በደም መልሱ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ።

«ታዲያ ላስቲኩ ምን አጠፋ?»

ነርሷ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ላስቲክ አንስታ ከክርኗ በላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችና እጇን ቁልቁል ለቀቀችው። ጥቂት ቆይቶ የእጇ ጀርባ ሥሮች እንደ ገመድ ተገተሩ፤ ጣቶቿም ጠቆር አሉ። ባልቴቷ መቀመጥ አቃታቸው።

«ፍቺው» አሉ። «ልጄ ፍቺው፣ እጅሽን ልታደርቂው ነው።»

«ደሙ እንዳይወርድ እኮ ነው ያሰርኩት እማማ።»

«የምን እንዳይወርድ፤ ወርዶ አይደል እንዴ መመለሻ ያጣው» አሉና መቀስ አንስተው ላስቲኩን ራሳቸው ቆረጡት። ከዚያም መቀሱን እንደያዙ ጎንበስ ብለው የገዛ እግራቸውን አዩ። የተናገሩት ወደ ገዛ ጆሯቸው የገባው ያን ጊዜ ነው።

ነርሷ አልሳቀችባቸውም። ብርቱው ደም ቅዳ ከላስቲኩ ሥር ሾልኮ እንደሚወርድ፣ ስሱ ደም መልስ ግን ተጨፍልቆ እንደሚቀር በዝግታ አስረዳቻቸው። ባልቴቷም አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በእግር በሚረገጠው መኪና በሚሰፉበት ዘመን እግራቸው እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ያበጠው ልጃቸው እንዲያርፉ ብሎ ሞተር ካስገባላቸው ወዲህ ነው። ለካ ባታቸው ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ሁሉን በሞተሩ ሊያላክኩ ሲሉ ግን ልጅቱ ዕድሜም ድርሻ አለው አለቻቸው።

ከዚያ ፊቷ ጠና አለ። ታስሮ ሁለት ቀን በተቀመጠ እግር ውስጥ የቆመው ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ተነቅሎ ሽቅብ ከሄደ በቀኙ የልብ ክፍል አልፎ የሳንባን መንገድ ይዘጋል። ሰው ይገድላል።

«እንግዲያው አይሂዱ ልትይኝ ነዋ» አሉ ባልቴቷ።

«መሄድዎን አልከለክልም፤ ታስረው መሄድዎን ነው። ግን ነገ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። የእግር እብጠት ከልብ ድካም ወይም ከኩላሊትም ይመጣል፤ በዓይን አይቼ ምንም አይደለም አልልዎትም።»

ላስቲኮቹን በዚያው ፈቱ። ሐኪሙ በማግስቱ ልባቸውን አዳመጠ፣ ግፊታቸውን ለካ፣ ደምና ሽንት አስመረመረ። ልባቸው ደህና ይገፋል፤ የላሉት የእግራቸው ደም መልስ በሮች ናቸው አለ። ረጅም ጠባብ ካልሲ ሲያዝላቸው ግን ባልቴቷ ተቆጡ፤ ላስቲክ አስፈትቶ ላስቲክ ማዘዝ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ነርሷ ካልሲውን አስነካቻቸው። ቁርጭምጭሚቱ ጋ ጠበቅ ይላል፣ ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል፤ ደሙን ይሸኘዋል እንጂ አንድ ቦታ አያንቀውም። ጣታቸውን ሰድደው መረመሩት። የሠራው ሰው ሙያ አለው ብለው አጠለቁት።

ለወንዱ ልጃቸውም ራሳቸው ነገሩት። ደብቀውት ስለነበር አኮረፈ፤ ሐኪሙ መሄድ ይችላሉ ማለቱን ሲሰማ ግን መተላለፊያው ዳር ያለ መቀመጫ አስለወጠላቸው። በአውቶቡሱ ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሄዱ። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎልማሳ «እናቴ፣ ምን እየሰፉ ነው?» ቢላቸው፣ ስለ ባት ተግባር እስኪበቃው ነገሩት። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ከሁሉ ቀድመው ወረዱ፤ እሱንም አስከትለው።

ሲደርሱ ልጃቸው ወልዳለች፤ ሕፃኗም ደህና ናት። ግን አዋላጇ ተነስተሽ ተራመጂ ብትላትም ልጃቸው ፈርታ ከአልጋ አልወረደችም። የባሏ አክስት ብርድ ልብሱን እስከ አንገቷ ስባ ታቅፋታለች። ዱሮ ቢሆን ባልቴቷ ሌላ ብርድ ልብስ ይደርቡ ነበር። አሁን ግን ሹራባቸውን እንኳ ሳያወልቁ አልጋው ዳር ቆመው፣ ከወሊድ በኋላ ደም በቀላሉ እንደሚረጋ፣ የተራመደ እግር ግን ደሙን ወደ ልብ እንደሚመልስ፣ እብጠት እንደሚያጎድልና ጉልበትንም ቶሎ እንደሚያመጣ ለአክስትየዋ በትሕትና አስረዱ። አንድ እግር ብቻ ድንገት ቢያብጥና ቢያም፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥር ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ነው አሏት።

«ደክማለች እኮ እትዬ» አለች አክስትየዋ።

«አዎ ደክማለች። ታዲያ ልቧ ብቻውን ለምን ይልፋ?» አሉና ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉ። «ነይ ልጄ፣ ክንዴን ያዢ። እስከ መስኮቱ ብቻ።»

ልጃቸው ቀስ ብላ እግሯን ወለሉን አስነካች። ባልቴቷም ከእሷ ይልቅ እየፈሩ፣ ግን ሳይለቋት አራመዷት።