ቃል አስታዋሿና ትንሿ ቴሌቪዥን

አናጢው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ በቀዳዳው ገመዱን ይገፋል፤ እሷ ከወዲህ ተንበርክካ ትስባለች። የገመዱ ራስ፣ ቢጫው ጃክ፣ ብቅ እንዳለ በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገች። ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው። በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ወትፋው መሳቧን ቀጠለች።

— ሄሎ… አቤት፣ ማን ልበል?… አንተ ነህ እንዴ! ደህና ዋልክ፣ የወንድሜ ልጅ… ደህና ነኝ። የት እሆናለሁ? ቦታዬ ነኛ… ቤት አይደለሁም። ቦታዬ ነኝ፣ ከግድግዳህ ጀርባ።

የቴአትር ቤቱ ሰው ሁሉ «እትዬ ሹክሹክታ» ይላታል። ሥራዋ ቃል ማስታወስ ነው፤ ተዋናይ መድረክ ላይ ቃሉ ሲጠፋበት፣ ጥግ ተሸሽጋ የሚቀጥለውን አንድ ቃል በሹክሹክታ ታቀብለዋለች። የደወለላት የወንድሟ ልጅ ደግሞ ዛሬ ማታ የሚከፈተው ተውኔት አዘጋጅም ዋና ተዋናይም ነው። ለዚሁ ተውኔት ሲል መድረኩን ከዳር እስከ ዳር በጣውላ ግድግዳ አስጋረደ። ከዚያ ወዲህ እሷ ከጀርባው ሆና ድምፅ ትሰማለች እንጂ ሰው አታይም።

— ወንበሩን? ሰምቻለሁ ስለ ወንበሩ። ከፊት መስመር፣ መሀል ላይ፣ ቀይ ጨርቅ የለበሰ። እግዜር ይስጥልኝ… አልቀመጥበትም… አልቀመጥበትም አልኩህ! ዕድሜ ልኬን ቴአትር ከጎን ያየሁ ሰው፣ ዛሬ ከፊት ብታስቀምጠኝ አንገቴ ይጣመማል።… ክብር? ኧረ ተወኝ! ሥራ አስፈትተው ከፊት አስተኝተው የሚያከብሩት ሬሳን ነው። እኔ ገና እተነፍሳለሁ።

አናጢው በጓሮ በር ዞሮ ገባ። እጀታ ያላትን፣ የሻንጣ ታናሽ እህት የምትመስለውን ትንሽ ቴሌቪዥን ከብብቱ አውጥቶ እንጨት ሳጥን ላይ አስቀመጠላት። እሷ በአገጯ «ሰካው» አለችው።

— እየሰማሁህ ነው… በጆሮህ ውስጥ? የባቄላ ፍሬ የምታህል ማዳመጫ… እሺ። እና በዚያች ባቄላ የሚያናግርህ ማነው?… የድምፅ ሠራተኛው! ያ ማስቲካ የሚያኝከው?… ተውኔቱን ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል?… «ይከታተላል»! አይ አንተ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ያንተ ጭራሽ ተከራይቷል።… እነዚያ ትልልቆቹ ቴአትር ቤቶች ስላደረጉት ነው አይደል? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ!

ቴሌቪዥኗ እንደ ተቆጣ ድመት ጮኸች። መስታወቷ ላይ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ተርመሰመሰ። ሴትዮዋ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች።

— እዚያ አይደለም፣ ወንድሜ! ያ የድምፅ ነው፣ ቀዩ። ቢጫውን በቢጫው። ግድግዳ ስትሠራ ቀለም አትለይም እንዴ?… ሄሎ፣ አለሁ፣ አለሁ… ምን ድምፅ?… ቴሌቪዥን ናት… ቴሌቪዥን ነዋ! ምን ይገርማል?… ኳስ ልይ? ኧረ አንተን ላይ ነው።

በስልኩ የመጣው ድምፅ ከፍ ስላለ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው። እስኪጨርስ ጠብቃ መለሰችው።

— ጨረስክ? ካሜራህን አልነካሁትም። ፎቅ ባለው የወንበር መደዳ ላይ እግሩን ዘርግቶ ቆሟል፣ ዝግጅቱን ይቅረጽ፣ ማን ከለከለው? እኔ ከጎኑ ባለው የምስል መውጫ ገመድ ሰካሁ፣ በቃ። ያየውን ለኔም ያሳየኝ። ዓይኔን በግድግዳ ጋርደህብኝ፣ ሌላ ዓይን ብበደር ትከሰኛለህ?

እንግዲህ እሱም የያዘውን አወጣ። ሊያነሳው እንደሚችል ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም ሲያነሳው የአንገቷ ሥር ጋለ።

— እሱን ታመጣለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር።… አዎ፣ ትናንት ጮኼያለሁ። እኔው ነኝ። አልካድኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ወንዝ ልጁን የወሰደበት አባት አለ። የልጁን ነገር ያነሳና ዝም ይላል። ትናንት በልምምዱ ላይ ያ ዝምታ ረዘመ። እሷ ከግድግዳው ጀርባ ጆሮዋን ጣውላው ላይ ለጥፋ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ የወንድሟ ልጅ ቃሉ የጠፋበት መሰላትና በጣውላው ስንጥቅ ጮክ ብላ አቀበለችው። እሱ ግን አልረሳም ነበር። አባትየው እያለቀሰ ነበር። ለማየት የተጠሩት ሰዎች ከት ብለው ሳቁ።

— ይሳቁ! በኔ የሳቁ መስሎህ ነው? በግድግዳህ ነው የሳቁት።… አይ፣ አሁን እኔ ልናገር፣ አንተ ስማ። የረሳ ሰው ዝምታና ያዘነ ሰው ዝምታ በጆሮ አንድ ናቸው። በጆሮ ማንም አይለያቸውም፤ እኔም፣ ባለ ማስቲካውም። የሚለያቸው ዓይን ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ቃል በማወቄ መሰለህ እዚህ የቆየሁት? ቃሉማ ወረቀቱም ላይ አለ። መቼ ዝም እንደምል ስለማውቅ ነው።… ሄሎ?… ትሰማኛለህ?… አዎ፣ ትናንት ዝም ማለት ነበረብኝ። ለዚህ እኮ ነው ከጠዋት ጀምሮ በጉልበቴ የምድኸው!

በዚህ መሀል ቴሌቪዥኗ ጸጥ አለች፤ ግን ጥቁር ሆነች፣ እንደ ጉድጓድ። አናጢው ጎኗን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

— አትምታት፣ ምን በደለችህ?… አንተን አይደለም። አናጢውን ነው።… አዎ፣ እሱም ከኔ ጋር ነው። ግድግዳህን የሠራው እሱ፣ ቀዳዳውን የበሳው እሱ፤ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸን።… አንተ ሰውዬ፣ ካሜራው ዓይኑ ላይ ክዳን ይኖራል። ሂድና ንቀልለት። እግረ መንገድህን ምስሉን ወደ መድረኩ መሀል አቅርበው። ቀስ በል፣ ደረጃው ጨለማ ነው።

አናጢው ሄደ። የወንድሟ ልጅ ሲያስረዳት፣ ሲያባብላት፣ ደግሞ ሲቆጣት ቆየ። እሷ «እህ» እያለች ዓይኗን ከጥቁሩ መስታወት አልነቀለችም።

— እህ… እህ… ደክሞሻል? ማን ነው ደከመኝ ያለህ?… ሰው ምን ይላል? ሰውማ ይላል፣ አፍ አለው።… በቃ? ምን ማለት ነው በቃ? ስማ፣ ከዚህ ቦታ የሚያስነሳኝ አልተወለደም፤ አንተ ስትወለድ ደግሞ ደጅ ቆሜ ጠብቄአለሁ፣ አውቅሃለሁ!

መስታወቱ ድንገት ነጣ። መጀመሪያ የአናጢው አውራ ጣት ታየ፣ ሙሉውን መስታወት ሞልቶ፣ ጥፍሩ ሥር የገባው የእንጨት ብናኝ ሳይቀር። ጣቱ ዞር አለ። ከኋላው መድረኩ ነበር፤ ጠረጴዛው፣ ፋኖሱ፣ የአባትየው ወንበር። ሁሉም የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ፣ ግን ጥርት ያሉ። ሴትዮዋ ስልኩን እንደያዘች ተነስታ ተመልሳ ቁጭ አለች።

— …አይ፣ ምንም አልሆንኩም። ቀጥል… ድምፅህ ግን ምን ሆነ? በሁለት በኩል ነው የሚመጣው። በስልክም፣ በጣውላውም።… አዳራሹ ውስጥ ነህ?… መድረክ ላይ! እሰይ፣ በእግርህ መጣህልኝ። ወደ መሀል ተጠጋ።… ወንበሩ ጋ፣ አዎ። ያንን የላብ ጨርቅ ከአንገትህ አውልቀው፣ ሸማኔ መሰልክ።… እንዴት አየሁህ? አልነገርኩህም?

እሱ ዙሪያውን ሲያማትር በትንሿ መስታወት ውስጥ አየችው። ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ወደ መብራቶቹ አንጋጠጠ። ወደ ካሜራው ግን አላየም፤ የዘወትር ዕቃ ነው፣ ማን ልብ ይለዋል።

— እንወራረድ። ገንዘብ አይደለም፣ ገንዘብ የት አለህ? የአባትየውን ንግግር ከመጀመሪያው በልልኝ። እንደ ማታው አድርገህ። ሲያስፈልግህ አቀብልሃለሁ፣ ሳያስፈልግህ ዝም እላለሁ። አንዴ ከተሳሳትኩ፣ እዚያ ቀይ ወንበርህ ላይ ሄጄ እደረደራለሁ፣ እጄንም አጨበጭባለሁ። ካልተሳሳትኩ ባቄላዋን ከጆሮህ ታወጣታለህ።… እሺ በላ!… ስልኩን አትዝጋው። በል ጀምር።

ጀመረ። አባትየው ስለ ወንዙ ተናገረ፣ ስለ ልጁ ጫማ ተናገረ፣ ከዚያ ዝም አለ። በስልኩ ውስጥ ምንም የለም፤ በጣውላውም ምንም የለም። ትናንት የጮኸችው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አየችው። አገጩ ቀና ብሏል፣ ነፃው እጁ ጭኑ ላይ ተከፍቶ አርፏል። ሆን ብሎ ያስረዘመባት መሆኑን አወቀች። ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ቢመሽም ዝም ትላለች።

ቀጠለ። ጥቂት ተናግሮ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ቆመ። ለጆሮ ያው የመጀመሪያው ዝምታ ነበር። በመስታወቷ ላይ ግን የግራ እጁ አውራ ጣት ሌባ ጣቱን ማሸት ጀመረ። ልጅ ሳለ ሱቅ ተልኮ የተላከበትን ሲረሳ፣ ደጃፍ ቆሞ እንዲሁ ያደርግ ነበር። እሱ ራሱ አያውቀውም። እሷም ነግራው አታውቅም፤ ቢያውቅ ይደብቀዋል።

— …ድልድዩን…

አለች፣ ትንፋሽ በምታህል ድምፅ።

— …ምን? አውቀህ ነው? ልትፈትነኝ?… እሺ። ካልረሳህ፣ ከ«ድልድዩን» በኋላ ያለውን በለኛ።… እየጠበቅሁ ነው።… በል እንጂ።… አይ፣ አላቀብልህም። ባለ ማስቲካውን ጥራው፣ ተፍቶ ይንገርህ።…

ጣቱ አሁንም ያሽ ነበር፣ ሊላጥ ደረሰ። እሷ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችው። በመጨረሻ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ሳቁ ከስልኩ ቀድሞ በጣውላው በኩል ደረሳት።

— ሳቅ፣ ሳቅ። የተሸነፈ ይሳቅ።… «ድልድዩን እኔው ነበርኩ የሠራሁት»፣ እሱ ነው። በቃህ?… እና ባቄላዋስ?… አውጣት፣ እያየሁህ ነው።… ኪስህ ውስጥ አይደለም፣ ጠረጴዛው ላይ። እንዲያ።… ምን አልክ?… «ቆይልኝ»? እቆያለሁ ብዬ ከነገርኩህ ስንት ጊዜ ሆነ፣ አንተ ገና አሁን ሰማህ እንጂ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

— ሄሎ?… መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?… ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?

አልተቋረጠም። በመስታወቱ ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆሟል። ጣቱ አያሽም። አገጩም አልተነሳም። አፉ ተከፈተ፣ ተመልሶ ገጠመ። ይህኛው ሦስተኛ ዓይነት ዝምታ ነው፤ መድረክ ላይ አይታው አታውቅም። ቢሆንም የሚቀጥለውን ቃል አወቀችው። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሕፃን ሆኖ «ውሃ» ማለት ከሚያቅተው ጊዜ ጀምሮ ቃል ስታቀብለው የኖረች ሴት፣ ይህን አንዱን ብታቀብለው ምን ነበረበት? አፏን ገጠመች።

— …አለሁ።… አልቸኩልም።…

አናጢው ከደረጃው ተመልሶ በሩ ላይ ሲደርስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አስቆመችው።

በመስታወቱ ውስጥ አፉ እንደገና ተከፈተ።

— …እሺ። ሰማሁህ።… አይ፣ ሁለቴ አትበለው፣ አንዴ ይበቃል።… አልተቀየምኩም። ተናድጃለሁ እንጂ፣ እሱ ደግሞ ማታ መጋረጃው ሲነሳ ይለቀኛል።… በል ሂድ፣ ፊትህን ተቀባ። አትቅለስለስብኝ፣ አባትየው ጀርባው ቀጥ ያለ ሰው ነው።… ደህና ሁን።

ስልኩን ዘጋችና አንገቷን አሸች። አናጢው ምን እንደተባለ በቅንድቡ ጠየቃት። መልስ አልሰጠችውም፤ ከመሣሪያ ሳጥኑ ጥቁር ፕላስተር አንስታ በጥርሷ ቆረጠች፣ ማታ የሚሯሯጥ እግር ገመዱን እንዳይነቅለው ቢጫውን ጃክ ከቴሌቪዥኗ ጎን ጋር አጣብቃ ለጠፈችው። ሳብ አድርጋ ሞከረችው። አይነቃነቅም። ጥቅልሉን ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ክዳኑን ገጠመችው።