ግቢው ያልሰማው ስልክ

ከመገናኛ ወደ ቀበና በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አንገታቸው ላይ ባንጠለጠሏት ትንሽ ዕቃ ስልክ አውርተው ጨረሱ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ዝም ማለት አልቻለችም።

«አባባ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«የስልኩን ድምፅ ጆሮዬ ላይ ወዳለው የመስሚያ መሣሪያ የምትልክልኝ ናት፤ ያለ ገመድ።»

«በፊትስ እንዴት ነበር የሚያወሩት?»

«ላውድ አድርጌ፣ እየጮህኩ። ልጄ ከሐዋሳ ስትደውል ግቢው በሙሉ ተሰብስቦ ሰላም ይላት ነበር።»

«ደስ ይላል እኮ!»

«ለሰላምታ ደስ ይላል። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ደህና ነኝ› ብቻ ነበር የምትለኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አልቅሳ ትነግረኛለች። ተመስገን፣ ሁለታችንም ቀለለን።»

ለእናቴ ‹ደህና ነኝ› ብዬ የጻፍኩትን መልእክት ሳልልከው አጠፋሁት።