የሻይ ምድጃዬና የይባረክ ኮምፒዩተር

ስም፦ ወ/ሮ ፈንታዬ አስማረ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የመሥሪያ ቤት ሻይ አፍይ
አድራሻ፦ ጎንደር ከተማ፣ ቁስቋም
ቃል የተሰጠበት፦ ዓርብ ኅዳር 9 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 4፡30

እኔ ምስክሯ በዘር ማከፋፈያ ጽሕፈት ቤት ሻይ በማፍላት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ጥቅምት ኮምፒዩተር የሚባል መሣሪያ መጥቶ ይባረክ ዳኜ የተባለው ወጣት ተመደበበት። መሣሪያው ግን ሲከፈት ጥቂት ጽሑፍ ያሳይና ተነሥቶ ሳይጨርስ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ይባረክ በየቀኑ ቢታገለውም አልሆነም። ማክሰኞ ኅዳር 6 ቀን ብቻ ቀኑን ሙሉ ሸጋ ሆኖ ሠራ። ረቡዕ ተመልሶ እምቢ ሲል ኃላፊው ጓድ አንዳርጋቸው፣ ሲሻው ያሠራዋል፣ ሲሻው ያጠፋዋል፣ ይህ አሻጥር ነው ብለው ልጁን አሳሰሩት። በአሻጥር የተያዘ ሰው መመለሻው አይታወቅምና እናቱ ደጃፌ ወድቃ አለቀሰች።

ማክሰኞ ምን የተለየ ነገር ነበር ብዬ ሳወጣ ሳወርድ፣ ለካ የተለየው የእኔ አለመኖር ነው። ራሴን አሞኛል ብዬ አስፈቅጄ ቁስቋምን ሳነግሥ ነው የዋልኩት፤ መዋሸቴን አልክድም። በሌላው ቀን ከሥራ መግቢያ እስከ መውጫ የኤሌክትሪክ ምድጃዬ አይጠፋም። ስፒናውን ስሰካ የክፍሌ አምፖል እንኳ ይፈዝዛል፤ የኮምፒዩተሩም ኤሌክትሪክ የሚመጣው በዚያው መስመር ነው።

ይህንኑ ሐሙስ ለጓድ አንዳርጋቸው ባመለክት፣ አንቺ ሻይሽን አፍዪ ብለው ሳቁብኝ። እኔም ቀጥ ብዬ ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ መጥቼ ለሃምሳ አለቃ አላምረው ነገርኩ። ዛሬ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት መሥሪያ ቤት ሄደን፣ እሳቸውና ጓድ አንዳርጋቸው ባሉበት ምድጃውን ነቀልኩ፤ ጸሐፊዋ ውቢት ኮምፒዩተሩን ብትከፍተው ተነሣ። ምድጃውን ሰክቼ እንደገና ብትከፍተው ድርግም አለ። ሦስት ጊዜ ሞክረን ሦስቴም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው አላስቻለኝም፣ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጓድ አንዳርጋቸውን ላብ ሲያጠምቃቸው፣ «ጓድ፣ አሻጥረኛው ይኸው፤ ያሳስሩት» ብዬ ምድጃውን ከነማንቆርቆሪያው አስታቀፍኳቸው። ከእንግዲህ ሻዩን ጓሮ በከሰል አፈላለሁ።

ቃሌ ተጽፎ ሲያበቃ ፈርሚ ተባልኩ። ፊደል አልቆጠርኩምና ይባረክ ካላነበበልኝ ጣቴን ቀለም አላስነካም አልኩ። ሃምሳ አለቃው ፈትተው አመጡልኝ። እንባው እየቀደመው ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበበልኝ፤ ይህችንም ከሥር አስጨመርኩ። የተናገርኩት ያየሁትንና ያደረግሁትን ብቻ ነው፤ ሐሰት ካለበት ቁስቋም ትፍረድብኝ።

የምስክሯ የአውራ ጣት አሻራ፦ ወ/ሮ ፈንታዬ አስማረ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ አላምረው የሻው (ፊርማ)
ቃሉን ያነበበላት፦ ይባረክ ዳኜ፣ ዛሬ በነጻ የተለቀቀ (ፊርማ)